ሳሎን ውስጥ የተደፈነው ቧንቧ

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት አንድ ቀን ጋቢ ሳትይዙ ሂዱና እዩት። ስሙን ድልነሳሁ እንበለው።

ድልነሳሁ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ቤት አለው። ድሮ አንድ የውጭ አገር ሰው ያሠራው ቤት ነው። ጓዳው ውስጥ ትልቅ ምድጃ አለ። ምድጃው ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በብረት ቧንቧ ክፍል ለክፍል እየዞረ ቤቱን ያሞቀዋል።

አባት ሲሞቱ ድልነሳሁና ታናሽ ወንድሙ አሰግደው በተዝካሩ ተጣሉ። አንዱ «ድንኳን ይጣል፣ በሬ ይታረድ፣ አገር ይብላ» አለ። ሌላው «የለም፣ ለነዳያን ይሰጥ» አለ። አያችሁ? ሁለቱም አባታቸውን ለማክበር ብለው ነው። አባታቸውን ለማክበር ብለው ተኳረፉ!

ቤቱ ተከፈለ፤ መሐሉ ላይ ግንብ ቆመ። ወደ ወንድሙ የሚያልፈውን ቧንቧ ድልነሳሁ አስቆረጠና ጫፉን በብረት ክዳን ደፈነው። «እኔ በማነደው እንጨት እሱ አይሞቅም» አለ። ምድጃው በእሱ በኩል ቀረ። የውሃው መዝጊያ ግን በወንድሙ በኩል ቀረ። በንዴት ጊዜ ይህን ማን ያስባል?

ብዙም ሳይቆይ የተደፈነው ቧንቧ መጮህ ጀመረ። መሄጃ ያጣ ውሃ ዝም አይልማ! አየር ይታመቅበታል፤ ምድጃው በጋለ ቁጥር «ቋ! ቋ!» ያደርጋል። ቀጥሎ ማንጠባጠብ መጣ። ድልነሳሁ ክዳኑን አጠበቀው። አንጠባጠበ። የመኪና ጎማ ላስቲክ ጠመጠመበት። አንጠባጠበ። ሲሚንቶ ለጠፈበት። አሁንም አንጠባጠበ። በመጨረሻ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ሚስቱ አስናቀች «እባክህ ሰውዬ፣ ወንድምህን አነጋግረው» ስትለው፣ «እሱ ደጅ ከምቆም ሞቼ ልገኝ!» ይላል።

አንድ እሑድ ጉድ ፈላ። ሴት ልጁን ማስተዋልን ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ማስተዋል ወጣቱን ትወደዋለች፤ አባትዋም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ ተለምነው ተቀመጡ።

«ጉዳዩማ ከዘመድ የሚመከርበት ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ለመሆኑ ወንድምዎ የት አሉ?»

«ሥራ ይዞት ነው» አለ ድልነሳሁ።

ሥራ ይዞት! ሰውዬው ከግንቡ ወዲያ ተቀምጦ ያስላል፤ ሳሉ ይሰማል። አስናቀች አንገቷን ደፋች። ማስተዋል ጓዳ ሆና ልቧ ተሰቀለ። የአጎትና የአባት ኩርፊያ ያለበት ቤት ልጅ መሆኗ ሊታወቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «የማይታረቅ ዘር ነው» ብለው ከሄዱ አለቀላት።

«ቋ! ቋ!»

«በር የሚመታ ሰው አለ መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ ቧንቧ ነው አባቴ፣ ይጫወቱ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ክዳኑ ተፈናጠረ። ትኩስ ውሃ ሳሎኑን ሞላው! ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ወጡ። በሳቅና በድንጋጤ መሐል ሆነው «ኧረ በማርያም!» ይላሉ።

ማስተዋል እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ መዝጊያው ያለው ጋሼ አሰግደው ጋ ነው!»

«ሌላ መላ ፈልጉ!»

«ምን መላ አለ? እኔን አስበኝ እንጂ!» ብላ አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ድልነሳሁ ልጁ ስታለቅስ አየ። ወጣ። ዞሮ የወንድሙን በር መታ። አሰግደው ከፈተ። ስንት ዓመት ያልተነጋገረ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል?

«ውሃውን ዝጋልኝ» አለ ድልነሳሁ።

አሰግደው «ዛሬ ምን አመጣህ?» አላለም። «ያኔ ማን ደፈነው?» አላለም። ሮጦ ዘጋ። ከዚያ መፍቻውን ይዞ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ሳሎኑ ገባ፤ ክዳኑን ከውሃው ውስጥ ፈልጎ አነሳው።

«ልግጠመው?» አለ።

ድልነሳሁ ክዳኑን ከእጁ ተቀበለውና ወደ ውጭ ወረወረው። «ተወው! ነገ ግንቡን እንብሳውና መስመሩን እንቀጥለው። አሰግደው፣ አስቀይሜሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለ። ወንድሙ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። በረጠበ ወለል ላይ ቆመው ሁለት ትልልቅ ሰዎች አለቀሱ።

ትልቁ ሽማግሌ ገና ከወንበሩ አልወረዱም። «እንግዲህ የሚማከሩት ዘመድ መጥቷል» አሉ። «ምከሩና መልሳችንን ስጡን፤ እግራችን በረደን!»

እናንተስ ወገኖቼ? የደፈናችሁት የለም? «እኔ ረስቼዋለሁ» ትላላችሁ። ከረሳችሁት ያኮረፋችኋት ሴት ስሟ ሲነሳ ለምን ወሬ ትቀይራላችሁ? ከረሳችሁት ለቅሶ ቤት ስትገቡ ያኮረፋችሁት ሰው የተቀመጠበትን ለምን ታያላችሁ? ጾም ሲገባ ክዳኑን ታጠብቁታላችሁ፤ ስእለት ስትሳሉ ላስቲክ ትጠመጥማላችሁ። እግዚአብሔር ግን ክዳን አጥብቁ አላለንም፤ ታረቁ ነው ያለን።

«ምን ብዬ ልጀምር?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። ድልነሳሁ የሚያምር ንግግር አላዘጋጀም። በቸገረው ነገር ጀመረ። አንተም እንደዚያው አድርግ፤ «መሰላል አውሰኝ» በለው። አንቺም «ልጄን እስክመለስ ያዥልኝ» በያት። ይቅርታው በሩ ከተከፈተ በኋላ ይመጣል። በስልክ አይደለም፤ በእግራችሁ ሂዱ። ዛሬ ሂዱ። ያኮረፋችኋቸው በሕይወት ሳሉ ሂዱ።