ሳይጠሩ የመጡ ደቦኞች

አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር በአንድ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩ፤ ይህ ብርሃን ብዙ አይቆይም» ብሏቸዋል።

የፈለጉት ባሕር ማየት ነበር። ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ፣ ባሕርን በስም ብቻ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አያወርድም። ትልቅ ቴሌቪዥን ደግሞ ከቤቱ አቅም በላይ ነው።

ልጃቸው ምትኩ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር አገኘ። አቧራውን አራገፈ። ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ስፒከር ገጠመለት፤ ፕሮጀክተርና የባሕር ፊልም ከጓደኛው ተዋሰ። ፊልም የሚያሳየውን ሶፍትዌር በነጻ አወረደ።

ግድግዳው በራ። ከባሕሩ በፊት የሠሪዎቹ ስም መጣ። ከታች ወደ ላይ። ስም፣ ስም፣ ስም። አያልቅም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ይህን ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ናቸው አባባ። አንዱ ድምፁን፣ አንዱ ምስሉን። ብዙዎቹ ተያይተው አያውቁም።»

«ማን ጠራቸው?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስሞቹ ገና እየወጡ ነው።

«ምን አበላሃቸው?»

ምትኩ ሳቀ። «በነጻ የተሰጠ ነው እኮ። ምንም አይፈልጉም።»

እሳቸው አልሳቁም። በአገራቸው ደቦ ወጥቶለት እህሉ የታጨደለት ሰው ደቦኞቹን ያበላል፤ በተራውም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያልወጣ በከርሞው ብቻውን ያጭዳል።

«አጥፋው» አሉ። «ተራህን ሳትወጣ አላይም።»

«ዓይንዎስ?»

«ዓይኔ የኔ ነው። ድካሙ የእነሱ ነው።»

ምትኩ ተናደደ። ከዚያም ተራውን የሚወጣበትን ሥራ ፈለገ። የፕሮግራሙ ትእዛዞች በብዙ ቋንቋ ተተርጉመዋል፤ የአማርኛው ክፍል ግን ተጀምሮ ቀርቷል። ሊጨርሰው ተቀመጠ። አባቱም ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ይህ ቁልፍ ምን ይሠራል?»

«የቆመውን ፊልም ያስኬዳል። ምን እንደምለው ጨነቀኝ።»

«‹ቀጥል› በለው። በሬውን ምን ትለው ነበር? ለነገሩ አንተ በሬ የት ታውቃለህ።»

ቀናት አለፉ። ሽማግሌው ጽዋቸውን በዳበሳ መፈለግ ጀመሩ። ምትኩ አየ፤ ፈጠነ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይዩና እጨርሰዋለሁ» ብሎ ለመነ። «የጠገበ ይረሳል» አሉት።

ጨርሶ ላከ። ከማያውቀው አገር የማያውቀው ሰው መለሰለት፤ «ደርሶናል። እንኳን ከእኛ ጋር ሆንክ።»

የዚያኑ ዕለት መጋረጃውን ዘጋ። ግድግዳው ላይ ባሕር መጣ።

ሽማግሌው ተነሥተው ተጠጉ። መርከቧን አላዩም፤ ወፎቹንም አላዩም። ጥቃቅኑ ሁሉ አምልጧቸዋል። ሰማያዊውን ግን አዩ፤ ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲነሣ። እጃቸውን ዘረጉ። ማዕበሉ በመዳፋቸው ላይ አለፈ።

«ዳር የለውም እንዴ?»

«አይታይም አባባ።»

«ይህንን ሁሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህንን ሁሉ እዚህ ቤት አስገቡልኝ።»

በነጻ ያገኘነው ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋውን ሌላው በልፋቱ ከፍሎታል። ማመስገን መልካም ነው፤ ተራን መውጣት ግን ምስጋናውን ለማናውቀው ለሚቀጥለው ሰው ያደርሰዋል። ዛሬ በቤታችሁ ሳትጠሩት የመጣ የማን ድካም አለ? እናንተስ በማን ማሳ ልትገኙ ነው?