አዲሱ ፊውዝና የአባት ድምፅ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ ሰው። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ጥሩ ድምፅ። ሳሎኑ ውስጥ የካሴት ማጫወቻ፣ ድምፅ የሚያጎላ ከባድ አምፕሊፋየርና እስከ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ነበሩት።

ይህ ሁሉ ዕቃ ለምን? ለዘፈን መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። ለአንዲት ካሴት ነው።

አባቱ መሪጌታ ፈንታሁን ድምፃቸው መረዋ፣ ፊታቸው ኮስታራ ነበር። ልጃቸውን አብልተውታል፣ አልብሰውታል፣ አስተምረውታል። አቅፈው ሲስሙት ግን ትዝ አይለውም። እሱ ልጅ ሳለ አንድ ዘመድ ቴፕ ይዞ ቤታቸው መጣና መሪጌታ ሲያዜሙ ቀዳቸው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ካሴቷ ቀረች።

ካሴቷ መሃል ላይ ዜማው ድንገት ይቋረጣል። ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ መሪጌታ አጭር ነገር ይናገራሉ፤ ቃሉ የተዋጠ ነው፣ አይለይም። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል።

ሰውየው ያቺን ቦታ እየመለሰ ይሰማታል። ምን አሉ? ተቆጡ? ማንን? ስሜን ጠርተው ይሆን? ጆሮውን ቢቀስር፣ ስፒከሩ ላይ ቢደፋ፣ አይሰማም። ገመዱን ቀየረ፤ አልሆነም። ስፒከሮቹን ቀየረ፤ አልሆነም።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ወርዶ የድምፅ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሱቅ ገባ። ነጋዴው አዳመጠውና ምን አለው?

«ወንድሜ፣ ሁሉም የሚረሳው ፊውዙን ነው። አምፕሊፋየርህ ውስጥ ያለችው ተራ ናት። ይቺ ግን ልዩ ናት፣ ከውጭ ነው የመጣችው። መብራቱን አጥርታ ታስገባለች። ድምፁ ይከፈትልሃል። ያ ኳኳታም ይጠፋል።»

ያ ኳኳታ ይጠፋል ሲለው የሰውየው ልብ ዘለለ። ገዛት። የጣት አንጓ የማታህል ነገር ናት። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ ሚስቱ ትርሲት ስትሰማ «ለዚች?» ማለቷን ብቻ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቀለ፣ የድሮዋን ፊውዝ አወጣ፣ አዲሷን አስገባ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ካሴቷን ለቀቀ።

«ትርሲት! ነይ ስሚ! ተለወጠ እኮ!»

ትርሲት እጇን እያደረቀች መጣች። አዳመጠች።

«ጥሩ ነው። ታዲያ ምን አሉ?»

«ማን?»

«አባትህ ናቸዋ። ከዜማው መሃል ምን አሉ?»

ሰውየው ካሴቷን ወደኋላ መለሰ። ሰማ። ደግሞ ሰማ። ቃሉ ያው የተዋጠ ነው። ኳኳታውም አለ።

«እስቲ ፊትህን አዙር» አለችው ትርሲት። ከሶኬት ነቅላ ፊውዙን ነካካችና መልሳ ከፈተችው። «አሁን የትኛው ነው?»

«አዲሷ ናት! ይታወቃል እኮ፣ ድምፁ ጠራ!»

ትርሲት መዳፏን ዘረጋች። አዲሷ ፊውዝ እጇ ላይ ነበረች።

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ እናቱ ገቡ። እትዬ ጌጤነሽ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ውጭ ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። ከባላቸው ቀብር በኋላ ልጃቸው ካሴቷን ቢያጫውት አልቅሰው ከቤት ወጥተው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸው በሚሰሙበት አይከፍታትም። ጨክኖ እንዳይመስላችሁ፣ ስለሚወዳቸው ነው። የዚያን ቀን ግን ፊውዙ አስደስቶት ረሳ።

ሊያጠፋው ብድግ ሲል፣ «ተወው፣ ተወው ልጄ» አሉት። ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኳ፣ ኳ ሲል ፈገግ አሉ።

«ይኸ ኳኳታ ነው እማዬ ያስቸገረኝ። ላጠፋው አልቻልኩም።»

«ለምን ታጠፋዋለህ? አንተ አይደለህ እንዴ!»

«እኔ?»

«ከትምህርት ቤት ስትመጣ ነዋ። በረዶ ይወርድ ነበር። ቴፑ እየቀዳ ነው፣ ማንም እንዳይተነፍስ ብለው ራሳቸው አባትህ አስጠንቅቀውናል። አንተ በሩን ትደበድባለህ። እኔ እሳቸውን ፈርቼ አልተነሣሁም። እሳቸው ግን ዜማቸውን አቋረጡና፣ ‹ጌጤ፣ ልጄ መጥቷል፤ ክፈቺለት› አሉኝ።»

«ልጄ አሉ?»

«ልጄ ነው እንጂ! ፊትህ አይሉህም። በሌለህበት ግን ከዚያ ሌላ ስም አልነበረህም።»

ሰውየው ካሴቷን መለሳት። ያው ካሴት፣ ያው ማሽን፣ ያቺው ተራ ፊውዝ። ‹ልጄ መጥቷል፤ ክፈቺለት።› አሁን እያንዳንዱ ቃል ተሰማው። ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እናቱ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉና ስለዚያ የበረዶ ቀን፣ ስለ እርጥብ ደብተሩ፣ አባቱ በጋቢያቸው እንዴት እንደጠቀለሉት ያወሩለት ጀመር። ካሴቷ አልቃ ቆመች። እሳቸው ቀጠሉ።

ፊውዙስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ፊውዝ ፊውዝ ነው ወገኖቼ። መብራት ሲበዛ ተቃጥሎ ማሽኑን ያድናል። ተራውም ይህንኑ ያደርጋል። ልኩን ጠይቃችሁ ተራውን ግዙ፤ ይበቃችኋል።

እኔ ግን ስለ ፊውዝ ልነግራችሁ አልመጣሁም። እናንተስ? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሊገባችሁ ፈልጋችሁ ደክማችኋል? አባቴ ለምን እንዲያ ሆነ? ወንድሜ ለምን ራቀኝ? ስንቱን ሞከራችሁ? ያን ቀን እዚያ የነበረውን ሰው ግን ጠይቃችኋል? «ያዝናሉ» ብላችሁ፣ «አርጅተዋል» ብላችሁ፣ ዝም አላችኋቸው አይደል?

ፈጣሪን «ግለጥልኝ» ብላችሁ ትለምናላችሁ። የሚገልጥላችሁን ሰው ከጓዳችሁ አስቀምጦላችሁ ቢሆንስ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ወንበር ሳቡና ከጎናቸው ተቀመጡ። አንድ ነገር ጠይቋቸው። ቢረዝምባችሁ አትቸኩሉ። የምታውቁትን ቢደግሙትም አታቋርጧቸው። ቢያለቅሱም አትፍሩ፤ እጃቸውን ያዙ።

ነገ እንጠይቃለን አትበሉ። ዛሬ አሉላችሁ።