በሩን የማይዘጋው እጅ

«እጅሽን እዛው! ታስረሻል አልኩሽ እኮ» አለ ልዑልሰገድ ከኮሪደሩ።

«በሩን ብቻ ልዝጋ!» አለች ረድኤት።

«አትችዪም።»

እጇ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀረ። ከጣቶቿ እስከ በሩ እጀታ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

እሑድ ከሰዓት። ውጭ ዝናብ። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለ ምሽግ፣ ምሽጉ ላይ ቆርኪዎች፤ እያንዳንዱ ቆርኪ አንድ ሰው፤ ከጎናቸው ቀስት መምታት አለመምታቱን የሚወስን ዳይስ። ረድኤትና ሦስት ጓደኞቿ ምሽጉን ይጠብቃሉ፤ ጨዋታውን የሚመራው ልዑልሰገድ ነው። ጠላቶቹን የሚጫወተውም እሱ፤ አስማት ደጋሚውንም፣ ደጋሚው የሚነዳውን ጥላም። የዚህ ጠረጴዛ ወግ ደግሞ ይህ ነው፦ በቆርኪው የደረሰ በባለቤቱ ይደርሳል። ቆርኪው ከታሰረ ባለቤቱ አይንቀሳቀስም። ጥላው የምሽጉን ደረጃ ሲወጣ ልዑልሰገድ በኮሪደሩ ይመጣል።

እየመጣ ነው።

ከምሽጉ በር ጀርባ የመንደሩ ሕፃናት ተደብቀዋል። ስም ያወጣችላቸው ረድኤት ናት፤ የፊት ጥርሷ የወለቀባትን ፍንጭቷ ብላታለች። «ማንም አይነካችሁም» ብላ ያስገባቻቸውም እሷ፣ በሩን ክፍት የተወችውም እሷ።

«ዐይኔ ያያል?»

«ያያል።»

«ጆሮዬስ?»

«ይሰማል።»

«አፌ?»

«አፍሽንማ ማን ችሎ ያስረዋል!»

ቤቱ ሳቀ። ረድኤት አልሳቀችም። ሁሉን እያዩ፣ ሁሉን እየሰሙ፣ ጣት አለማንሳት። እንዲህ መሆኑን ማን ነገራት?

«ናሆም፣ ፍታኝ!»

ናሆም በጨዋታው መነኩሴ ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ማሰሪያው ይበጠሳል። ናሆም ግን ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ አፉን በጣቱ አሳያት።

«ዝምታ ተደግሞበታል» አለ ልዑልሰገድ። «ቃል ካልወጣው አይፈታሽም።»

መነኩሴው ረድኤትን አይፈታ፣ ረድኤት በሩን አትዘጋ። ጥላው ይመጣል። አንድ እርምጃ።

«ዝምታውን ምን ይሰብረዋል?»

«ማሰሪያ አንዴ ከተቋጠረ የሚይዘው አይፈልግም። ዝምታ ግን ይፈልጋል። ደጋሚው በሐሳቡ ይዞታል። ከተወጋ ሐሳቡ ይበተናል፤ ይለቀዋል።»

«ኤልዳና! ውጊልኝ!»

ኤልዳና ቀስተኛ ናት። ቀስተኛዋ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታንኮራፋለች።

«አንቺ!»

«ተኝቻለሁ» አለች ኤልዳና ዐይኗን ሳትገልጥ።

«የተኛ ሰው ይመልሳል?»

«በሕልሜ ነው።»

«እንቅልፍ ተደግሞባታል» አለ ልዑልሰገድ። «ጩኸት አይቀሰቅሳትም። የሚወዘውዛት እጅ ትፈልጋለች።»

ቀስተኛዋ ደጋሚውን አትወጋ፣ ደጋሚው ዝምታውን አይለቅ፣ መነኩሴው ረድኤትን አይፈታ፣ ረድኤት በሩን አትዘጋ። ጥላው ይመጣል። አንድ እርምጃ።

«ቃልአብ! ወዝውዛት!»

የቃልአብ ወንበር ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«እዚህ ነኝ» አለ ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር። ጋሻ ጃግሬው ቃልአብ ወለሉ ላይ በደረቱ ተዘርግቷል። «ወድቄያለሁ፤ አላየሽም?»

«ክብደት ተደግሞበታል» አለ ልዑልሰገድ። «ይድሃል እንጂ አይነሣም። ቀስተኛዋ የተኛችው ግንብ ላይ ነው፤ እየዳኸ አይደርስባትም።»

«ክብደቱስ? ክብደቱን ምን ያወርደዋል?»

«ሌላ ድግምት። ሁለት ድግምት በአንድ ሰው ላይ አይደረብም፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። ሕግ ነው።» ፈገግ አለ። «እናንተ ግን ደጋሚ የላችሁም።»

ጋሻ ጃግሬው ቀስተኛዋን አይወዘውዝ፣ ቀስተኛዋ ደጋሚውን አትወጋ፣ ደጋሚው ዝምታውን አይለቅ፣ መነኩሴው ረድኤትን አይፈታ፣ ረድኤት በሩን አትዘጋ። ጥላው ይመጣል። አንድ እርምጃ።

ልዑልሰገድ ደፉ ጋ ደረሰ። የጫማው ጫፍ ይታያታል። የረድኤት ትከሻ እንደ ድንጋይ ሆነ። ጨዋታ ነው አለች በልቧ። ጨዋታ ነው፤ አንሺው። እጇ አልሰማትም። ፍንጭቷ በጨለማው ውስጥ ቀና ብላ እያየቻት ነው።

ከጠረጴዛው ሥር የሚጎተት ነገር ተሰማ።

«ወዴት ነው?» አለ ልዑልሰገድ።

«ወደ ረድኤት» አለ ቃልአብ እየዳኸ። «እግሯን ይዤ እጎትታታለሁ። የታሰረ ሰው እንደ ግንድ ነው የሚወድቀው። ስትወድቅ በሩ ላይ ትወድቅና ትዘጋዋለች።»

ልዑልሰገድ ክው አለ። ይህን አላሰበውም። የቃልአብ እጅ የረድኤትን ቁርጭምጭሚት ሊይዝ ሲል፣ በደጋሚው ድምፅ፣ ሰውን በአንዲት ቃል የሚያዘውን ድግምት ጮኾ ደገመበት፦

«ቁም!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ረድኤት ዐይኗን ጨፈነች። አለቀ።

«ምን አልከኝ?» አለ ቃልአብ።

«ቁም! ቁም አልኩህ!»

«እሺ።»

ቆመ። በሁለት እግሩ። ጠረጴዛውን በጀርባው ገፍቶ፣ ቆርኪዎቹን አንኳኩቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።



«አትንቀሳቀስ ለማለት እኮ ነው!» አለ ልዑልሰገድ።

«ያልከው ቁም ነው። ወድቄ ነበር፤ ቆምኩ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች የተኛችው ኤልዳና።

«አንቺ ተኝተሻል!»

«የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል ያለው ማነው?» አለች ረድኤት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።



ቃሉ ክብደቱን ሻረ፣ ጋሻ ጃግሬው ቀስተኛዋን ወዘወዘ፣ ቀስተኛዋ ነቅታ ዳይሱን ወረወረች፣ ዳይሱ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ቆመ፤ ቀስተኛዋ ደጋሚውን ወጋች፣ ደጋሚው ዝምታውን ለቀቀ፣ መነኩሴው፣ እስካሁን ትንፍሽ ያላለው ናሆም፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ጮኸ፦

«ተፈቺ!»

የልዑልሰገድ አንድ እግር ከደፉ በላይ ተነሥቷል።

«ቆይ፣ ረድኤት፣ ቆይ፣ እኔ እኮ...»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።