ፈሪዋ አንጓች

ዱሮ ነው። የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያወጡ፣ ሐይቁም የዛሬን ያህል ሰው ሳይለምድ። በሐይቁ መካከል ክምር የምትባል ደሴት ነበረች፤ ዛሬም አለች። ከሩቅ ሲያዩአት የጤፍ ክምር ስለምትመስል ነው ስሟ። ትንሽ ናት። በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን በሌላው ጫፍ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ሕዝቧ ግን ላዮችና ታቾች ተብሎ ተከፍሏል፤ ላዮች ታቾችን የሩቅ አገር ሰዎች ይሏቸዋል። በምሥራቅ በኩል ገደል ነው። በምዕራብ በኩል ደንገል ነው፤ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ይተኛል። ታንኳ የሚያርፈው በሁለት ቋጥኞች መካከል ባለች አንዲት ጠባብ አሸዋ ላይ ብቻ ነው። ክምር ሌላ በር የላትም። ይህን ያዙልኝ።

አንጓች የዚህች ደሴት ተወላጅ አልነበረችም። ከማዶ ተድራ የመጣች ናት። ሙሽራ ሆና በደንገል ታንኳ ስትሻገር ጉማሬ ከጎኗ ብቅ አለ። ተነፈሰ። አያት። ተመልሶ ጠለቀ። ሌላ ምንም አላደረገም። አንጓች ግን ከዚያ ወዲያ ውኃ ፈራች። አሸዋው ላይ እንደወረደች፣ «ሁለተኛ እግሬ ሐይቅ አይነካም» ብላ ማለች። ጎረቤቶቿ ውኃ ይቀዱላታል፤ እሷም ጥጥ ትፈትልላቸዋለች። እናቷ ሲሞቱ እንኳ አልተሻገረችም፤ አሸዋው ላይ ቆማ ወደ ማዶ አለቀሰች። ልቅሶው ደርሶ እንደሆነ እንጃ። ሰዉም «ፈሪዋ አንጓች» አላት።

መጀመሪያ ጉም መጣ። ባሏ ተገኘ ከማዶ ሲመለስ ጉም ሐይቁ ላይ ወረደ። ክምር አንድ ልማድ ነበራት፤ ሰው በጉም ሲያዝ ሕዝቡ ሁሉ ገደሉ አናት ላይ ወጥቶ ይጮኻል። «ወዲህ! ወዲህ!» ይላል፣ ላዩም ታቹም፣ ወንዱም ሴቱም። የሚጮኹት ከፍቅር ነበር። ተገኘ ጩኸቱን ሰማ። ወደ ጩኸቱ ቀዘፈ። ጩኸቱም ወደ ገደሉ ወሰደው። ታንኳው ከዓለቱ ጋር ሲላተም ከላይ ሆነው ሰሙት። ሕዝቡ ሐይቁን ረገመ፣ ጉሙን ረገመ። ጩኸቱን የረገመ አልነበረም። አንጓችም ሕፃን ልጇን ባምላኩን አዝላ እዚያው ገደሉ አናት ላይ ነበረች።

ቀጥሎ ሽፍቶች መጡ። ሕዝቡ በየታንኳው ደንገል ውስጥ ሊደበቅ ሮጠ፤ ባምላኩንም አሳፍረው ወሰዱት።

«አንጓች፣ ነይ ተሳፈሪ!» አሏት።

«ውኃው ላይ?»

«ሽፍታው ያርድሻል፣ አንቺ ሴት!»

«ቢያርደኝም በደረቅ መሬት ነው» አለች። ቀረች።

ሽፍቶቹ ሲደርሱ ቤቱ ሁሉ ባዶ፣ ምድጃው ሁሉ የጠፋ ነው። አንዲት ሴት ብቻ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ላቧ ይንጠባጠባል። «ሰዉ የት ገባ?» አላት አለቃቸው። ልትመልስለት ብትሞክር መንጋጋዋ እንቢ አላት። አለቃው ወደ ኋላ ሸሸ። «ተስቦ ነው! ጨርሷቸዋል! አትንኩ፣ ምንም አትንኩ!» አለ። አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። ሕዝቡ ሲመለስ፣ «ፈሪነትሽ ጠቀመን» እያለ ሣቀባት። ያመሰገናት መስሎት ነበር።

ባምላኩ አደገ። በክምር ወንድ ልጅ ያለ ታንኳ ሥራ የለውም፤ እሱም ቀዛፊ ሆነ። አንድ ቀን ገበያተኞች ጭኖ ከማዶ ሲመለስ ያው ጉም ወረደ። የደንገል ታንኳ ውሎ ሲያድር ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ታንኳም ይሰምጣል። ከጉሙ ውስጥ ድምፁ መጣ። «እማ! ታንኳው ከበደ!»

ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ገደሉ ሮጠ። አንጓች መንገዱ ላይ ቆመች።

«አትጩኹ» አለች።

«ዞር በይ!» አሉ የላዮቹ ሽማግሌ አያ መኩሪያው። «ልጅሽ እኮ ነው!»

«ልጄ ስለሆነ ነው። አያ መኩሪያው፣ አባቱን የገደልነው በጩኸት ነው።»

ይህን ነገር እስከዚያች ቀን የተናገረው አልነበረም። የማያውቀውም አልነበረም። አያ መኩሪያው የገደሉን መንገድ ትተው ተመለሱ።

አንጓች አሸዋው ላይ ወርዳ ተጣራች። ድምፅዋ ቋጥኞቹ ላይ እየመታ ተመለሰባት። ከቋጥኞቹ አልፎ መቆም ያስፈልጋል፤ ከቋጥኞቹ ወዲያ ያለው ግን ሐይቅ ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘ። ጉልበቷን ያዘ። ወገቧን ያዘ። ደረቷ ላይ ደረሰ። በጉሙ ውስጥ በስተግራ አንድ ከባድ ነገር ተነፈሰ። ያን ትንፋሽ ታውቀዋለች።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ!»

«ውኃ ውስጥ ነሽ እንዴ?»

«አትጠይቀኝ! ቅዘፍ!»

ትንፋሹ ቀረበ። ውኃው በጎኗ ተነቃነቀ። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ ብትንቀሳቀስ ድምፅዋም ይንቀሳቀሳል። «አለሽ?» ይላል። «አለሁ!» ትላለች። ድፍን ክምር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ የታንኳው አፍንጫ ትከሻዋን ነካት። ባምላኩ በብብቷ ይዞ አወጣት፤ ገበያተኞቹም ሁሉ በእግራቸው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ደፋር ሆነች እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልሆነችም። እስከ ዕለተ ሞቷ ውኃ የቀዱላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ፍርሃቷ አንዲት ጣት አልጎደለም።

ዛሬም በክምር ጉም ሲወርድ ገደሉ አናት ላይ የሚወጣ የለም። አንድ ሰው ብቻ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ቀዛፊው «አለሽ?» ይላል። የቆመው ሽበታም ወንድ ቢሆን እንኳ «አለሽ?» ነው የሚለው። እሱም «አለሁ» ይላል፤ ማንም አይሥቅም። እናቶችም ልጃቸው ታንኳ ሲይዝ፣ «የአንጓችን ፍርሃት ይስጥህ» ብለው ይመርቁታል። እንግዳ ሲሰማ እርግማን ይመስለዋል።

እኔ ከአያቴ ተቀብዬ ለእናንተ አወረድሁ። ይዛችሁት ሂዱ፤ ጉም ካገኛችሁ ግን አትጩኹ።