ያልነደደው ክብሪት

አንድ አንበሴ የሚባል ባለሱቅ ነበር። ትርንጎ የምትባል የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ነበረችው። በወደቀች ቁጥር ክብሪት ይጭርና እፍ ብሎ አጥፍቶ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል። ትንሽ ቆይታም ዓይኗን ትገልጣለች። "አያችሁ? ክብሪቴ አነሳት!" ይላል። ገበያ ውስጥ ሌላ ሰው ሲወድቅም የሚጠራው እሱ ነው። ሐኪምማ ማን አስታውሶ!

ትርንጎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ከተማ ሄዳ ልብስ ስፌት ልትማር ፈለገች።

"እዚያ ማን ክብሪት ይጭርልሻል?" አላት አባቷ።

"አባዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክብሪትህን ስጠብቅ ልኑር?"

እሱ ግን አልፈቀደላትም። ይወዳታል፤ ፍቅሩ ግን አጥር ሆነባት።

አንድ የክረምት ቀን ጣሪያው አፍስሶ የክብሪቱን ካርቶን አበሰበሰው። በዚያው ቀን ትርንጎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወደቀች። አንበሴ አንዱን እንጨት ጫረ፤ እምቢ። ሌላውን ጫረ፤ እምቢ። "ልጄ ሞተችብኝ! የደረቀ ክብሪት ያላችሁ!" እያለ ጮኸ።

ሳሙና ልትገዛ የመጣችው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሲስተር ስምረት፣ ክብሪት አልፈለገችም። አጠገቧ የነበረውን በርጩማ አራቀች፤ ነጠላዋን አጥፋ ከልጅቷ ራስ ሥር አደረገች፤ ሰዓቷን አየች። አፏ ውስጥ ምንም አላስገባችም። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኗ አስተኛቻት። ትርንጎም ዓይኗን ገለጠች።

"ሦስት ደቂቃ" አለች ሲስተር። "ጋሽ አንበሴ፣ በክብሪቱስ ስንት ይፈጅ ነበር?"

አንበሴ ያልነደደውን እንጨት እንደያዘ ቀረ። "እሱም… ያው ነው።"

"ታዲያ ዶሮ ስለጮኸ ነው የሚነጋው?"

አፈረ። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ትርንጎ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ አንገበገበው። እሱ ክብሪት ሲፈልግ ራሷ ስንቴ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል!

"እርግማን ይሆን እንዴ?" አለ።

"እርግማን አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው፤ ደግሞም አይጋባም። አንዱን ራሱን ተመትቶ ይይዘዋል፤ ሌላውን በልጅነቱ አንጎሉን የነካ በሽታ ጥሎበት ይሄዳል፤ መነሻው ከነጭራሹ የማይታወቅም ብዙ ነው። ሁሉም አይወድቅም፤ ለአፍታ ፈዝዞ የሚመለስም አለ። ነገ ይዘዋት ይምጡ። ኪኒኗን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ተሻለኝ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ። መንቀጥቀጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ እኛ ይሩጡ።"

"እና ይህን ሁሉ ዓመት ያነሳኋት እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎማ ሮጠው ደርሰውላታል" አለች ሲስተር ለስለስ ብላ። "ክብሪቱ ነው ያላነሳት።"

በማግስቱ ወሰዳት። መድኃኒቱ ተስማማት፤ መውደቋም እየራቀ ሄደ። በዓመቱ ትርንጎ ወደ ልብስ ስፌቷ ስትነሳ አባቷ ቦርሳዋ ውስጥ ክብሪት ሲሸጉጥ ደረሰችበት። አውጥታ መለሰችለት።

"አባዬ፣ ይሄ ለምድጃህ ነው። እኔ ኪኒኔን ይዣለሁ።"

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ዛሬ ገበያው ውስጥ ሰው ወድቆ "ክብሪት! ክብሪት!" ሲባል አንበሴ ጋቢውን እያጠፈ ይሮጣል።

ወዳጄ፣ ለሚወዱት ሰው መሮጥ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በሽታ የሚድነው በፍቅር ብቻ ሳይሆን በእውቀትም ነው፤ ያልመረመርነው ልማድ የምንወደውን ሰው ደጃፋችን ላይ አስሮ ያስቀምጣል። እስቲ ኪስዎን ይፈትሹ፤ "ይረዳል" ብለው ለዓመታት የያዙት ክብሪት የለም?