ዝናብ የማያስገባ ስፒና

ወሬ የሚወድ ጠጋ ይበል፤ የቸኮለም መንገዱ ክፍት ነው። የምነግራችሁ ስለ አስካለ ነው። አስካለ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር።

አስካለ በመንዝ ደጋ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር የወተት መኪና ሾፌር ናት። አርባ ቤት ያለበውን ወተት በየማለዳው እየሰበሰበች ታች ከተማ ላለው ፋብሪካ ታደርሳለች። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ድሮ በረዶ ሲጋገር በሚከርምበት አገር ሠርታለች። ስለዚህ ሞተሯ ማሞቂያ አለው። ማታ ገመዱን ከመብራት ሲያገናኙት ሞተሩ ሲሞቅ ያድርና ጠዋት ቁልፍ ገና ሲነካ ይነሳል። ታዲያ በዚያ ክረምት ገመዱ የሚሰካበት ስፒና ውሃ ገባበት፤ ዛገ፤ አንድ ቀን ጢስ አለና ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ፀሐይ ካልመታው አልነሳም አለ። ወተቱ ሁለት ቀን አርፍዶ ደረሰ፤ ፋብሪካውም ሁለቱንም ቀን መለሰው። ሦስተኛ ካረፈደ ግን ወተት ከሌላ አገር እንደሚያመጡ ቁርጡን ነገሯት። አርባው ቤት ደግሞ ከወተት በቀር መተዳደሪያ የለውም።

አስካለ አዲስ ስፒና አስመጣች፤ ክዳን ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ። የቀረው መግጠም ብቻ ነው። እሑድ ፋብሪካው ወተት ስለማይቀበል፣ ጠዋት ፀሐይ ሞተሩን እስኪመታው ጠብቃ፣ ስፒናውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ መኪናዋን ኤሌክትሪሺያኑ ሽታሁን ዘንድ ወሰደች።

ሽታሁን ስፒናውን አገላብጦ አየው፤ ክዳኑን ከፈት ዘጋ አደረገና ወደደው። መኪናዋ ፊት ካለው ብረት ላይም ልክ የሆነ ቀዳዳ አበጀለት። ከዚያ እጁን ሰብሰብ አደረገ። በስፒናውና በብረቱ መሃል የሚገባ የጎማ ቀለበት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውሃው በጀርባ ዞሮ ይገባል።

«ፊቱን ዘግቼ ጀርባውን ክፍት ብተወው ምን ሠራሁልሽ?» አላት። «ጎማ አስቆርጪና ነይ፤ ወዲያው እገጥመዋለሁ።»

እውነቱን ነው። አስካለ ወደ ጎሚስታው ሄደችና ጉዳይዋን ነገረችው፦ ጎማ ካልተቆረጠ ስፒና አይገጠምም፤ ስፒና ካልተገጠመ ሞተር አይሞቅም፤ ሞተር ካልሞቀ ወተት አይደርስም።

ጎሚስታው ደጅ አሮጌ ጎማ እንደ ጭድ ተከምሯል። ሰውየው አንዱን መዘዘና ቢላውን አሳረፈበት። ቢላው ሸርተት አለ። ደገመው፤ አሁንም ሸርተት። የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ የድንች መላጫ ቢላ አይበግረውም። በዚህ ዶልዱም እጄን ነው የምቆርጠው ብሎ ቢላውን አስታቀፋትና ቢላ ወደሚስለው ሰው ላካት።

ቢላ ሳዩ ከገበያው ጥግ፣ እግሩ ሥር ካለው መሳያ ድንጋይ ጋር ተፋጦ ተቀምጧል። አስካለ ነገረችው፦ ቢላ ካልተሳለ ጎማ አይቆረጥም፤ ጎማ ካልተቆረጠ ስፒና አይገጠምም፤ ስፒና ካልተገጠመ ሞተር አይሞቅም፤ ሞተር ካልሞቀ ወተት አይደርስም።

እሱ ግን ድንጋዩን የሚያዞረውን ጠፍር አነሳና አሳያት። ለሁለት ተበጥሷል። የእሱም ቤት ከአርባው ቤት አንዱ ነበርና ከሷ ይልቅ ፊቱ ጠቆረ። ኮርቻ ሰሪው አዲስ ጠፍር ከሰጧት በሩጫ እንድትመለስ ለመናት።

ኮርቻ ሰሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ አስካለ ጮክ ብላ ነገረቻቸው፦ ጠፍር ከሌለ መሳያ አይዞርም፤ መሳያ ካልዞረ ቢላ አይሳልም፤ ቢላ ካልተሳለ ጎማ አይቆረጥም፤ ጎማ ካልተቆረጠ ስፒና አይገጠምም፤ ስፒና ካልተገጠመ ሞተር አይሞቅም፤ ሞተር ካልሞቀ ወተት አይደርስም።

«ለወተት ኮርቻ ምን ያደርግለታል?» አሉ ሽማግሌው።

እንደገና ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። አሁን ገባቸው። ከግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ጠፍር አወረዱና ጫፉን አጠፉት፤ እንደ እንጨት ተንቋቋ። ቅቤ ካልጠጣ ዛሬ ውሎ ነገ ይሰነጠቃል፤ ለአንድ ቀን የሚሆን ሥራ ደግሞ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። የገበያ ቀን ስላልሆነ ቅቤ ያላቸው እትዬ ጥሩአየሁ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። ከሰጡሽ ነው እንግዲህ አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ጥሩአየሁ ደጃቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አስካለ ገና ቅቤ ስትል የለኝም አሏት። አንድ አቁማዳ ሙሉ ቅቤ ግን ከበስተኋላቸው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። አስካለ አየችው፤ እሳቸውም ማየቷን አዩ።

አስካለ ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነው። ነገ አርባ ቤት በር ላይ የሚጠብቃትን ጣሳ አሰበች። ከዚያ ለሰውም ለራሷም ሳይሆን፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፦

«ቅቤ ከሌለ ጠፍር አይለሰልስም፤ ጠፍር ካልለሰለሰ መሳያ አይዞርም፤ መሳያ ካልዞረ ቢላ አይሳልም፤ ቢላ ካልተሳለ ጎማ አይቆረጥም፤ ጎማ ካልተቆረጠ ስፒና አይገጠምም፤ ስፒና ካልተገጠመ ሞተር አይሞቅም፤ ሞተር ካልሞቀ ወተት አይደርስም።»

እትዬ ጥሩአየሁ ዞር ብለው አቁማዳውን አዩት።

«ቅቤውማ አለ» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ግን አይደለም። የልጄ ነው። ታች ከተማ ወልዳ ከተኛች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ። ጉልበቴ እስከ መናኸሪያ አያደርሰኝም። አራስ ልጄ ያለ እናት፣ ያለ ቅቤ ተኝታ፣ ከቅቤዋ ቆርሼ ለጠፍር ላጠጣ?»

አስካለ ቀና አለች። ልጃቸው የት ሰፈር እንደምትኖር ጠየቀቻቸው። ከፋብሪካው አጥር ማዶ ነው።

«እኔ እኮ በየቀኑ በደጇ ነው የማልፈው፣ እትዬ። ለምን አልነገሩኝም?»

«የወተት መኪና ሰው ይጭናል?»

«ጋቢናው ባዶውን ነው የሚሄደው። ነገ ማለዳ ከዚሁ ከደጅዎ አነሳዎታለሁ።»

«መኪናዋ ካልተነሳችስ?»

አስካለ መዋሸት አልሆነላትም። ካልተነሳች እሷም፣ ወተቱም፣ እሳቸውም እዚሁ እንደሚቀሩ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ምሰሶውን ተደግፈው ተነሱ፤ አቁማዳውን ፈቱ፤ በእንሶስላ ቅጠል ላይ አንድ እፍኝ ቅቤ አደረጉላት።

ቅቤው ጠፍሩን አለሰለሰ፤ ጠፍሩ መሳያውን አዞረ፤ መሳያው ቢላውን ሳለ፤ ቢላው ጎማውን ቆረጠ፤ ጎማው ከስፒናው ጀርባ ገባ። ሽታሁን አራቱን ብሎን አጠበቀና ክዳኑን ዘጋ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቶ በላዩ ላይ ቸለሰበት። ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ሰደደ። አውጥቶ ለአስካለ አሳያት፤ ደረቅ ነው።

ያን ምሽት ዝናብ ጣለ። ማለዳ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነጥቷል። አስካለ ገመዱን ነቀለችና የሞተሩን ክዳን በመዳፏ ዳበሰችው። ሞቃት ነበር። ቁልፉን ገና ስትነካው ተነሳ።

አርባውን ቤት ዞረች፤ እትዬ ጥሩአየሁንም ደግፋ ከነአቁማዳቸው ጋቢና አስገባች። አሮጊቷ መንገዱን ሙሉ የመኪናዋን እጀታ ጨብጠው ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ጠባቂው ሰዓቱን አየና በሩን ከፈተ። ወተቱ ተለካ፤ ገባ።

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ቤት በሯ ገርበብ ብሏል። አስካለ አንኳኳች። ልጅቱ ከአልጋዋ ሆና ማን ነው አለች። እትዬ ጥሩአየሁ ጉልበታቸውን ረሱት፤ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱ እያለቀሰች ሕፃኑን አስታቀፈቻቸው።

አስካለ አቁማዳውን እንደ ታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የት እንደምታስቀምጠው የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

እኔም እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ የቀረውን እነሱ ያውጉት።