ጭራዋን የምትወዘውዘው ተሳቢ ቤት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ዕቃ ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን አንዲት ትንሽ፣ አሮጌ ተሳቢ ቤት ነበረች። ሁለት ጎማ፣ አንድ መስኮት፣ ከኋላም አንድ በር ነበራት። ባለቤቶቿ አባባ ወንዳፍራሽና እማማ ዘርፌ ይባላሉ። ከእሷ ሌላ ቤት የላቸውም። አንድ ሽማግሌ መኪና ይጎትታታል።

በዚያ ዘመን ሰው የዕቃን ንግግር የሚሰማው ሞተር ሲጠፋ ብቻ ነበር። አባባ ደግሞ መንገድ ላይ ሞተር አያጠፉም። ባትሪው ደካማ ነዋ!

አንድ ቀን ቆላ ያለችው ልጃቸው ወለደች። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና በየመንገዱ እየቆሙ ይገዙ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ ጆንያ ድንች ገዙ። በሩ ከኋላ ነውና ከኋላ ጫኑት። ተሳቢዋ ወዝወዝ አለች።

«ምነው፣ ውሻ ነሽ እንዴ? ጭራሽን ትወዘውዣለሽ!» አላት መኪናው።

ቀጥለው አንድ ጆንያ ገብስ ገዙ። በሩ ከኋላ ነውና ከኋላ ጫኑት። ተሳቢዋ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አለች።

«አሁንስ እስክስታ ጀመርሽ!» አላት መኪናው።

በመጨረሻ አንድ ሙክት ገዙ። እሱንም ከኋላ ጫኑት።

«እኔም አራስ ልጠይቅ ነው!» አለ ሙክቱ ደስ ብሎት።

ተሳቢዋ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አለች። አሁን መኪናውም አብሮ ተወዛወዘ። ደነገጠ።

ከፊታቸው ቁልቁለት፣ ከጎኑ ገደል ነበር።

«ወንድሜ» አለችው ተሳቢዋ፣ «እዚህ ላይ ከተወዛወዝኩ ገደል መግባቴ ነው። እነአባባ የት ያድራሉ?»

መኪናው አሰበ። ሞተሩን ቢያጠፋ ተገፍቶ ነው የሚነሣው። ያውም ከኋላ በሚከተሉት ሚኒባሶች ፊት! ሲስቁበት ታየው። ግን ተሳቢዋ ስትንቀጠቀጥ ተሰማው።

እህ፣ እህ ብሎ አሳለና ጠፋ።

ጸጥ አለ።

«አባባ» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «ጀርባዬን ከበደኝ።»

አባባ ዘለው ወረዱ። «ዘርፌ! ቤታችን ተናገረች!»

«ስንት ዓመት ስትናገር ኖራ ይሆናል! አንተ መቼ ሞተር ታጠፋለህ?» አሏቸው እማማ።

ያን ጊዜ ሁሉም አፉን ከፈተ። «ከባድ ከባዱ ወደ ፊት ይምጣ!» አለ ወለሉ። «ቡሎኖቼን አጥብቁልኝ!» አለ ጎማው። «ግራሶ ካየሁ ዓመት አለፈኝ!» አለ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ።

አባባ ድንቹንም ገብሱንም ከጎማዎቹ ወደ ፊት አምጥተው ወለሉ ላይ አሰሩ። ሙክቱንም ወደ ፊት አመጡት። ቡሎን አጠበቁ፤ ግራሶ ቀቡ። ከዚያ እጃቸውን ተሳቢዋ ላይ አሳረፉ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን ስታኖሪኝ አንድ ቀን ምን ሆንሽ አላልኩሽም።»

የሚኒባስ ተሳፋሪዎች ወርደው መኪናውን ገፉት። ሚኒባሶቹ በእርግጥ ሳቁ። መኪናው ግን አልሰማቸውም፤ ተሳቢዋ ቀጥ ብላ ስትከተለው ደስ ብሎት ቀስ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ።

እናንተም የሚከተላችሁ ሲንገዳገድ ካያችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳሸከማችሁት እዩ።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመች፤ እንዳትንሸራተት ድንጋይ አስደግፉልኝ።